የደም ሐኪም እንዴት ይሠለጥናል? ከእኛስ ምን መስማት ይኖርበታል?

በዚህ ዕትም የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናወራው ነው። የቤተሰብ ሐኪሙ፣ ማለትም ሮፌ ሚሽፓሓ፣ የደም ምርመራ ውጤት ተመልክቶ ሃፍናያ ይጽፋል። ሃፍናያ ወደ ሌላ ሐኪም የሚያስተላልፍ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ «ሄማቶሎጊያ» የሚል ቃል ሰፍሯል። ዕብራይስጥ ቀድሞ የገባው ልጅ ያነበዋል። ዘመድ ደግሞ በሆስፒታል ሰሌዳ ላይ «ሄማቶሎጊያ፣ ኦንኮሎጊያ» ተብሎ አንድ ላይ ተጽፎ ማየቱን፣ ኦንኮሎጊያም የካንሰር ሕክምና መሆኑን ይናገራል። ከዚያ በኋላ እናት በጓዳ ታለቅሳለች፣ አባት ዝም ይላል፣ ቶሩም፣ ማለትም ቀጠሮው፣ ማንም ሳይሄድበት ያልፋል። በከተማችን በነታንያ፣ በሐፍጺባም ሆነ በአዞሪም ሰፈር፣ ይህን የመሰለ ወሬ ያልሰማ ቤተሰብ ብዙ አይመስለንም።

ከበሩ በስተጀርባ የሚጠብቀው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን ተምሮ እዚያ እንደተቀመጠ ማወቅ ፍርሃቱን ጥቂት ያቀለዋል ብለን እናምናለን። ስለዚህ የደምና የካንሰር ሐኪም በዚህ አገር እንዴት እንደሚሠለጥን እንጽፋለን። ደግሞም ሥልጠናው ሁሉንም ነገር አያስተምረውምና፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ለሐኪሙ ምን ሊነግረው እንደሚገባ እንጨምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታ። ሄማቶሎጊያ የደም ሕክምና ማለት ነው። ወደ ደም ሐኪም የሚላከው ሰው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት ፈጽሞ አይደለም። ብረት አንሷት የደከመች ነፍሰ ጡር፣ እግሩ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው፣ ሲቆረጥ ደሙ ቶሎ የማይቆምለት ልጅ፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ከተለመደው ያነሰ ወጣት፣ ሁሉም ወደዚሁ በር ይላካሉ። የደም ካንሰርም በዚሁ ሐኪም ይታከማል፤ ጤነኛውም ሆነ የታመመው ደም የሚሠራው በአንድ ቦታ፣ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነውና። የጡት፣ የአንጀት፣ የሳንባ ካንሰር ግን የኦንኮሎጊያ ሐኪም ሥራ ነው። በአሜሪካ አንድ ሐኪም ሁለቱን አጣምሮ በ3 ዓመት የሚማርበት መንገድ አለ። በእስራኤል ለአዋቂዎች መንገዱ ለየብቻ ነው፤ ለሕፃናት ብቻ ሁለቱ በአንድ ሐኪም እጅ ይሆናሉ።

ያ ወጣት ሐኪም ማነው?

ብዙ ጊዜ የምንጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ትልቁ ሐኪም እያለ ለምን ተማሪ ያየኛል? በእኔ ላይ ሊለማመዱ ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ረዘም ይላል።

በዚህ አገር አንድ ወጣት ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ 6 ዓመት ይማራል። ከዚያ በሆስፒታል ውስጥ ለ1 ዓመት ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረ ይሠራል፤ በዚህ ጊዜ ስታዤር ይባላል። ይህን ሲፈጽም የሐኪምነት ፈቃድ ያገኛል። እንግዲህ አልጋችሁ አጠገብ የሚቆመው ወጣት ብዙውን ጊዜ ይህን ሁሉ ያለፈ፣ ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው። ስሙ ሚትማሔ ይባላል፤ ወደ ስፔሻሊስትነት በማምራት ላይ ያለ ማለት ነው። ስፔሻሊስቱ ደግሞ ሙምሔ ይባላል።

የደም ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሚትማሔ መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ሕክምና ይማራል። ይህም ከ4 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። «ደም ሊያክም ነው፣ ልብና ኩላሊት ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የደም ካንሰር ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ ለሞት የሚያደርሰው ግን መግል፣ የሳንባ ምች፣ የኩላሊት መድከም፣ የደም መፍሰስ ነው። እነዚህን በእኩለ ሌሊት ብቻውን ለይቶ ሕክምና መጀመር የማይችል ሐኪም የደም ሕመምተኛ አይሰጠውም። ከውስጥ ደዌ በኋላ ሌላ 2 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የደም ሕክምናን ብቻ ይማራል። ተደምሮ ሲታይ ከዩኒቨርሲቲ በር እስከ ሙምሔነት ከ13 ዓመት በላይ ይሄዳል። ወጣቱ መጀመሪያ ሠራዊት ስለሚያገለግል፣ ሙምሔ ሆኖ ስታዩት ዕድሜው ከ35 ያለፈ መሆኑ የተለመደ ነው። የኦንኮሎጊያው መንገድ ከስታዥ በኋላ በቀጥታ ይጀመራል፤ ወደ 5 ዓመት ገደማ ሆኖ የካንሰር መድኃኒትንም የጨረር ሕክምናንም ያጣምራል።

በመካከሉ ሁለት ታላላቅ ፈተናዎች አሉ። ሽላቭ አሌፍ በጽሑፍ ነው። ሽላቭ ቤት በቃል ነው፤ ተፈታኙ በፈታኞች ፊት ቀርቦ ስለ በሽተኛ ይጠየቃል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው በእስራኤል ሐኪሞች ማኅበር ሥር ያለው የሳይንስ ምክር ቤት ነው። ሚትማሔ ማሠልጠን የሚችለው የትኛው ሆስፒታል የትኛው ክፍል እንደሆነም የሚወስነው ይኸው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ሚትማሔ ያለበት ክፍል ሲታይ «ይህ ክፍል ለማስተማር ብቁ ነው ተብሏል» ማለት እንጂ ሕመምተኛው ለልምምድ ተሰጥቷል ማለት አይደለም።

የሚማረው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጣት ወይም ከክንድ የተወሰደች ጠብታ በመስታወት ላይ ተለቅልቃ፣ ቀለም ተነክራ፣ በማይክሮስኮፕ ትታያለች። ሐኪሙ ቀዩን፣ ነጩንና ደም የሚያረጋውን ሕዋስ እየለየ ይቆጥራል፤ ጤነኛውን ከበሽተኛው፣ ሕፃኑን ሕዋስ ከጎልማሳው መለየት ይማራል። መምህሩ አጠገቡ ተቀምጦ በሁለት ዓይነ መነጽር ያንኑ ጠብታ አብሮት ያያል። ብዙ ጠብታ ካላዩ በቀር ዓይን አይሠለጥንም።

ሌላው የእጅ ሥራ የመቅኔ ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ በወገኖቻችን ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ይፈራል፤ «ከአከርካሪ ፈሳሽ ቀድተው ሽባ ያደርጋሉ» የሚል ወሬ አለና። መቅኔ የሚወሰደው ከአከርካሪ አይደለም። ከወገብ በታች፣ ከዳሌ አጥንት የኋላ ጠርዝ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ የአከርካሪ ነርቭ የለም። መጀመሪያ ቆዳውና የአጥንቱ ሽፋን በመርፌ ይደነዝዛሉ። መቅኔው ሲሳብ ለጥቂት ሰከንድ የሚያንገበግብ ሕመም አለ፤ የለም ብንል ውሸት ይሆናል። ሚትማሔው ይህን ብቻውን ከመሥራቱ በፊት ሙምሔ ቆሞ እያየው ደጋግሞ ይሠራል።

ስለ ደም መቀዳት ካነሣን አይቀር፣ «ይህን ሁሉ ብልቃጥ ደም ወስደው ምን አስቀሩልኝ?» የሚሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ደም በአባቶቻችን ሥርዓት የከበረ ነገር ስለሆነ አነጋገሩን በቀልድ አናየውም። የአዋቂ ሰው ደም ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። አንዱ ብልቃጥ የሚይዘው ከአንድ የሻይ ማንኪያ እምብዛም አይበልጥም። የጤነኛ ሰው መቅኔ ደግሞ በየቀኑ ወደ 200 ቢሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት ይሠራል። የተወሰደው ይተካል።

ወደ ሚትማሔው እንመለስ። ትልልቁን ውሳኔ ብቻውን አይወስንም። የካንሰር መድኃኒት ትእዛዝ በሙምሔ ይታያል፤ ፋርማሲስቱ መጠኑን ያረጋግጣል፤ ነርሶችም ከመስጠታቸው በፊት ስምና መጠን ያመሳክራሉ። ጠዋት ጠዋት ነጭ ካፖርት የለበሱ ብዙ ሰዎች አልጋ ከበው የሚቆሙት «ቢኩር» በሚባለው ጉብኝት ነው። በዚያን ሰዓት ሚትማሔው ሌሊቱን ያየውን ይናገራል፣ አለቃው ይጠይቀዋል፣ አንዳንዴም በሰው ፊት ያርመዋል። ማለዳ ላይ ዓይኑ ቀልቶ ብታዩት አትደነቁ፤ ቶራኑት የሚባለው የሌሊት ተራ ለረጅም ዘመን 26 ሰዓት ያህል ሲቆይ ኖሯል። ሚትማሔዎች በዚህና በደመወዝ ጉዳይ በ2011 ብዙ ታግለዋል። በ2021 ደግሞ የተራው ሰዓት እንዲያጥር እንደገና ተነሥተዋል። በሽተኛም ቢሆን ያንቀላፋ ሐኪም አይፈልግምና፣ እኛ ትግላቸው ትክክል ነበር እንላለን።

በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ አንድ ጠቃሚ ነገር ሰጥቶናል፤ ማንኛውም ሕመምተኛ የሚያክመውን ሰው ስምና የሥራ ድርሻ የማወቅ መብት አለው። «ማ ሃታፍኪድ ሼልኻ?» ብሎ መጠየቅ፣ ማለትም «ሥራህ ምንድነው?»፣ እንደ ስድብ አይቆጠርም። ለሴት ሐኪም «ሼላኽ» ይባላል። የሌላ ሐኪም አስተያየት መጠየቅም በዚሁ ሕግ የተፈቀደ ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ካንሰር ሲባል መርዶ የሚመስለን በከንቱ አይደለም። ባየነው ነው የፈራነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሐኪሞች በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠሩ ነበሩ። የጨረር ሕክምና በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1997 ተጀመረ። ከዚያም በኋላ ከ20 ዓመት በላይ በመላው አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው እዚያ ብቻ ነበር። ከጎንደር፣ ከወለጋ፣ ከሐረር የመጣው ሁሉ አንድ በር ላይ ይሰለፋል፤ ተራው እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ፤ እስከዚያ በሽታው ይሰፋል። ገጠር ያለው ደግሞ ጥቁር አንበሳም አይደርስም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ካንሰር ይዞት የዳነ ሰው ያየ ማን አለ?

እዚያም ቢሆን ነገሩ እየተለወጠ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወጣት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በካንሰር ሕክምና ስፔሻሊስት አድርጎ ማሠልጠን የጀመረው በ2013 ገደማ ነው። የሕፃናት ደምና ካንሰር ሥልጠናም በዚያው ዘመን ከውጭ አገር መምህራን ጋር ተጀምሯል። ዝግ ብሎ የሚሄድ አንድ የደም ካንሰር ዓይነት ያለባቸው ሰዎች በየቀኑ የሚዋጥ «ግሊቬክ» የሚባል መድኃኒት በእርዳታ በጥቁር አንበሳ በነፃ ሲያገኙ ኖረዋል። ይህ መድኃኒት በ2001 ከመጣ ወዲህ፣ ድሮ በጥቂት ዓመታት ይገድል የነበረው በሽታ እንደ ስኳርና ደም ብዛት በክኒን የሚያዝ ሆኗል። ዝርዝሩን የምንጽፈው «የደም ካንሰር» የሚባል አንድ በሽታ እንደሌለ ለማሳየት ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ፍጻሜውም የተለያየ ነው። በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው ፈጣኑ የደም ካንሰር ዛሬ እስራኤልን በመሰሉ አገሮች ከአሥር ልጆች ወደ ዘጠኙ የሚጠጉት ይድኑበታል። ሕክምናው ግን ሁለት ዓመት ያህል ይወስዳል። ልጁ ተሽሎታል ብሎ በመካከል ማቋረጥ በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

ገንዘብም እንዳያስፈራችሁ። በ1995 ሥራ ላይ በዋለው የጤና መድን ሕግ መሠረት ነዋሪ ሁሉ፣ ዖሌ ሐዳሽም ጭምር፣ የአንዱ ኩፓት ሖሊም አባል ነው። ለሆስፒታል ምርመራ «ቶፌስ 17» የሚባለውን የክፍያ ዋስትና ከኩፓት ሖሊም ቢሮ አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ያስፈልጋል። በከተማችን ያለው ላኒያዶ ሆስፒታል ነው፤ የጀርመኖችን ካምፕ ተርፈው፣ ባለቤታቸውንና 11 ልጆቻቸውን ያጡት የክላውዘንበርግ ረቢ የመሠረቱት። ለከበደ የደም ሕመም ግን ከከተማው ውጭ መላክ የተለመደ ነው፤ ወደ ሜኢር በክፋር ሳባ፣ ወደ ቤይሊንሶን በፔታሕ ቲክቫ፣ ወደ ሼባ በቴል ሃሾሜር። ልጆች ወደ ሽናይደር ይላካሉ። ርቆ መላክ በሽታው ጠንቷል ማለት አይደለም፤ ሙምሔዎቹ የተሰበሰቡት እዚያ ስለሆነ ነው።

መጽሐፉ የማይነግረው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። 13 ዓመት የተማረ ሐኪም በሽታውን ያውቃል፤ እናንተ የት እንዳደጋችሁ፣ የየትኛውን ወንዝ ውኃ እንደጠጣችሁ ግን አያውቅም። በትምህርት ቤት ያየው ሕመምተኛ አብዛኛው በቴል አቪቭና በሐይፋ ያደገ ነው። እናንተ የምትነግሩት አንድ ዓረፍተ ነገር አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ወር ምርመራ ይበልጣል። ምሳሌ እንስጥ።

እንበል አንድ የ40 ዓመት ሰው ለወራት ያተኩሰዋል፣ ከስቷል፣ ጣፊያው አብጧል፣ ቀይም ነጭም የደም ሕዋሱ ወርዷል። ማንኛውም ሚትማሔ ይህን ሲያይ የደም ካንሰር ይጠረጥራል፤ ተምሮታልና። ነገር ግን ይህ ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ወይም ወደ መተማ ወርዶ ከነበረ፣ ካላዛር ሊሆን ይችላል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል፣ ከታከመ ግን የሚድን በሽታ ነው። በ2005 በሊቦ ከምከም ተነሥቶ ብዙ ሰው ጎድቷል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ለዚሁ በሽታ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። የጎንደር ሐኪም እንዲህ ያለ ጣፊያ ሲነካ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ካላዛር ነው። የነታንያው ሐኪም ትዝ እንዲለው «ሁመራ ሠርቻለሁ» ማለት ያስፈልጋል። የመቅኔ ምርመራው ያኔም ይደረግ ይሆናል፤ በማይክሮስኮፕ የሚፈለገው ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ሁለተኛው የአንጀት ትል ነው። ከነጭ ሕዋሳት አንዱ ዓይነት፣ ኤኦሲኖፊል የሚባለው፣ በትልና በቢልሃርዝያ ምክንያት ይበዛል። በ1984 እና 85 በኦፐሬሽን ሞሼ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በኦፐሬሽን ሽሎሞ ወገኖቻችን ሲመጡ፣ የዚህ አገር ሐኪሞች ይህን ደጋግመው አይተዋል። ወጣቱ ሚትማሔ ግን ያኔ ገና አልተወለደም ይሆናል። በተለይ ስትሮንጊሎይድስ የሚባል ጥቃቅን ትል አለ፤ ከአፈር በእግር ቆዳ ይገባል፣ ምንም ሳያሳይ ለብዙ አሥር ዓመታት በሰውነት ውስጥ ይኖራል። ሰውየው ለደም በሽታ ወይም ለአስም ኮርቲዞን ሲሰጠው፣ ትሉ በድንገት ተራብቶ ሊገድለው ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት በደም ይመረመራል፣ ከተገኘም በክኒን ይጠፋል። የጉበት ቫይረስ ቢ እና የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ከሕክምናው በፊት መታየት አለባቸው። ስለዚህ «ባዶ እግሬን ያደግሁ የገጠር ሰው ነኝ» ማለት ለሐኪሙ የሕክምና መረጃ ነው፤ ማፈር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ከእኛ ዘር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰፋ አድርገን እንናገረዋለን። ነጭ ሕዋሳት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት መግልን የሚዋጉ ወታደሮች ናቸው። የላቦራቶሪ ወረቀት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ1,500 ካነሱ ቁጥሩን ምልክት ያደርግበታል። ከኢትዮጵያ፣ ከየመን፣ እንዲሁም ከበዱዊኖች ወገን ብዙ ጤነኛ ሰዎች ግን ሲወለዱ ጀምሮ ከዚህ ያነሰ ቁጥር አላቸው። መቅኔያቸው ጤነኛ ነው፤ ከሌላው ሰው ይበልጥ አይታመሙም። በ2008 እና በ2009 የታተሙ ጥናቶች ምክንያቱን አሳዩ። በቀይ ሕዋስ ላይ ያለ ዳፊ የሚባል ነገር በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የለም። አንዱ የወባ ዓይነት ወደ ሕዋሱ የሚገባው በዳፊ በኩል ስለሆነ፣ አለመኖሩ በጥንት ዘመን ከወባ ሲጠብቅ የኖረ ስጦታ ነው፤ ኒውትሮፊል በደም ውስጥ አንሶ መቆጠሩ ከዚያው ጋር አብሮ የመጣ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ዳፊ አለው፣ አንዳንዱ የለውም።

ይህን የማያውቅ ሐኪም ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንደኛ፣ ጤነኛ ወጣትን ካንሰር ጠርጥሮ መቅኔ ያስወስደዋል፤ ቤተሰቡም ውጤት እስኪመጣ አንድ ወር እንቅልፍ ያጣል። ሁለተኛው ይከፋል። በእውነት ካንሰር ላለባት ሴት የኬሞቴራፒ ቀን ሲደርስ ደሟ ይቆጠራል። ኒውትሮፊሏ አነሰ ተብሎ መድኃኒቱ ለሳምንት ይዘገያል ወይም መጠኑ ይቀነሳል፤ እንዲህ እየተባለ ከሚገባት ያነሰ ሕክምና ታገኛለች። ቁጥሩ ግን ካንሰሩ ሳይጀምራት በፊትም ያው ነበር። ይህ ነገር በአሜሪካ በጥቁር ሕመምተኞች ላይ መድረሱን ሐኪሞች ራሳቸው ጽፈዋል፤ የመደበኛው ቁጥር ልክ ይስተካከል የሚሉም ተነሥተዋል።

ከዚህ በፊት ጤነኛ ሳላችሁ በተደረገ ምርመራ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ የተገኘ ከሆነ ለሐኪሙ ይህን ንገሩ፦ «አኒ ሜኤቲዮፒያ። ሃኔውትሮፊሊም ሼሊ ንሙኺም ጋም ክሼአኒ ባሪ።» ይህም «ከኢትዮጵያ ነኝ፤ ኒውትሮፊሌ ጤነኛ ሆኜም ዝቅ ያለ ነው» ማለት ነው። ሴት «ብሪያ» ትላለች። እዚህ ላይ አጥብቀን የምናስጠነቅቀው አለ። ማንም ሰው በራሱ «የእኔ ከዘር ነው» ብሎ ሐኪም አይቅር፤ የሚለየው ሐኪሙ ነው። ኬሞቴራፒ እየወሰደ ትኩሳቱ 38 የደረሰ ሰው ደግሞ የቁጥሩ ምክንያት ምንም ይሁን ምን በዚያችው ሰዓት ወደ ሚዩን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ መሄድ አለበት። እስኪነጋ አይጠበቅም።

ማን ይንገር፣ ማን ይተርጉም?

በአገራችን ልማድ ክፉ ወሬ ለበሽተኛው አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቀን ይመረጣል፣ መጀመሪያ የሚያውቀው ወንድም ወይም የመጀመሪያ ልጅ ነው። የዚህ አገር ሐኪም ግን በ1996ቱ ሕግ መሠረት ለራሱ ለሕመምተኛው የመንገርና ፈቃዱን የመጠየቅ ግዴታ አለበት። መደበቅ የሚቻለው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ የቤተሰብ ልመና አይበቃም። ብዙ ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ቤተሰቡ «ሐኪሙ ጨካኝ ነው፣ አባታችንን በቃሉ ገደለው» ይላል፣ ሐኪሙም «ቤተሰቡ በሽተኛውን ሸሸገብኝ» ይላል።

ሐኪሞቹ ክፉ ወሬ መናገርንም እንደ ትምህርት ይማሩታል። በቴል ሃሾሜር ከ2001 ጀምሮ አንድ የማስመሰያ ማዕከል አለ። ተዋናዮች በሽተኛና ቤተሰብ ሆነው ይቀመጣሉ፣ ሐኪሙ ይነግራቸዋል፣ ንግግሩ በፊልም ይቀረጻል፣ በኋላም «እዚህ ጋ ቸኮልክ፣ እዚህ ጋ ዓይናቸውን አላየህም» ይባላል። ትምህርቱ መልካም ነው። ልማዳችንን ግን ከእኛ ካልሰማው አያውቀውም። መካከለኛ መንገድ አለ፤ ሕመምተኛው ራሱ አስቀድሞ «ዝርዝሩን ለወንድሜ ንገሩት፣ እኔ ዋናውን ብቻ ልስማ» ማለት ይችላል። ይህን ምርመራው ሲጀመር መናገር ይሻላል፤ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ሰዓቱ ያልፋል።

ስለ ትርጉም ያለንን አሳብ በግልጽ እንናገራለን። የ10 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ለእናቱ «ካንሰር አለብሽ» ብሎ እንዲተረጉም ማድረግ በልጁ ላይ ግፍ ነው። ልጁም የሰማውን ሁሉ አይናገርም፤ እናቱ እንዳትደነግጥ ያሳጥረዋል፣ ያለሰልሰዋል። ሐኪሙ ተናገርኩ ይላል፣ እናት አልሰማሁም ትላለች። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማት ለሕመምተኛው ቋንቋና ባህል እንዲመቹ በ2011 መመሪያ አውጥቷል፤ በስልክ የሚሰጥ የአማርኛ ትርጉምም አለ። በአጠገባችን በሐዴራ ከሂሌል ያፌ ሆስፒታል በ1998 የተነሣው «ቴኔ ብሪኡት» የተባለው ማኅበር ለዚህ ብዙ ደክሟል። ቶር ስትይዙ ለጸሐፊዋ «አኒ ጻሪኽ ምቱርግማን ለአምሃሪት» በሉ፤ ሴት «ጽሪኻ» ትላለች። ስልኩን ለማገናኘት ጊዜ ስለሚወስድ ሐኪሙ ሊሰለች ይችላል። ይሰልች።

ደማችንና መቅኔያችን

ደም ሲነሣ የ1996ን ጥር ያልረሱ የቀደሙ ወገኖቻችን አሉ። የኢትዮጵያ ዖሊም የለገሱት ደም በስውር ሲጣል እንደኖረ «ማዓሪቭ» ጋዜጣ ገለጠ። በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጡ፤ ነገሩን እንዲመረምር በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴ ተሰየመ። አዲስ የመጣችሁ ይህን ከዘመዶቻችሁ ትሰማላችሁ። የሰማችሁትም እውነት ነው። የደም ሐኪሞችም በሥልጠናቸው የደም ባንክን ሥራ ይማራሉ፤ ይህን ታሪክ ከትምህርታቸው ጋር ቢማሩት ደግ ነበር። አረጋውያን ሕመምተኞች መርፌ ሲቀርብ ፊታቸው ለምን እንደሚጠቁር ይገባቸው ነበር።

ቂሙ ግን በአንድ ቦታ ራሳችንን ይጎዳል ብለን እንሠጋለን። መቅኔው የተበላሸ ሰው ከሌላ ሰው የመቅኔ ሕዋስ ሊተከልለት ይችላል፤ የሁለቱ ሰዎች የሕዋስ ምልክት ግን መመሳሰል አለበት። ምልክቱ ከአባትና ከእናት ስለሚወረስ አንድ ወንድም ወይም እኅት የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከቤተሰብ ካልተገኘ በመዝገብ ይፈለጋል። በመዝገቡ የተሻለ ዕድል የሚኖረው ከአንድ አገርና ከአንድ ዘር የመጣ ሰው ነው። ትልቁ መዝገብ በ«ዔዜር ሚጽዮን» ማኅበር ይገኛል፤ ለመመዝገብ ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ መጥረግ ይበቃል። ለጎንደር ልጅ የሚመስል ሕዋስ በፖላንድና በሞሮኮ ልጆች መካከል ማግኘት ቀላል አይደለም። ሠራዊት የሚገቡ ልጆቻችሁ ሲጠየቁ ምን እንደሆነ እንዲያውቁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ወላጆች «የእኛስ ልጅ እንዲህ ያለ ሐኪም ይሆናል?» ብለው ይጠይቁናል። ዶክተር አቪ ይጽሐቅ በ1991 ከኢትዮጵያ መጥተው፣ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ በሶሮካ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆነዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በባግሩት ከፍተኛ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ውጤት፣ ከዚያም የፕሲኮሜትሪ ፈተና ይጠየቃል። ልጁ በ9ኛ ክፍል ወደ 3 ዩኒት ሒሳብ ሲመደብ ወላጅ ዝም ካለ በሩ ያኔ መዘጋት ይጀምራል። መምህሩን ሄዶ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ወደ ደም ሐኪም ቶር ላላችሁ ደግሞ ይህን እንጨምር። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ለጉዞ ስትመረመሩ የተሰጣችሁ የላቦራቶሪ ወረቀት ካለ፣ ቢያረጅም ቢቀደድም አትጣሉት። ቁጥሩ ዛሬ ወረደ ወይስ ድሮም እንዲሁ ነበር ብሎ ሐኪሙ ሲጠይቅ መልሱ ያለው እሱ ላይ ነው።